ማንም ያላዘዘው ዓምድ

ጥቅምት 9

ለእህቴ ልጅ፣ ለመምህርቷ፤

ስለ ጤናዬ በአንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጠይቀሻል፤ አንዴ ይበቃል። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሏል፤ ዓይኔ ግን የጋዜጣ ደቃቅ ፊደል አሁንም ያለ መነጽር ያነባል። ስልክ ለምን እንደማላነሳ ለጠየቅሽኝ፣ መልሴ አምና ከሰጠሁሽ አልተለወጠም፤ በስልክ የተነገረ ነገር ተመልሶ አይነበብም። ቁም ነገር ያለው ሰው ይጻፍልኝ።

አሁን ወደ ጉዳይሽ። የአሥራ አንደኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፍሽ ለዘር ማጥፋት የሰጠው አራት ገጽ ነው፣ እሱም ቁጥር በቁጥር ነው ብለሻል። ልጆቹ የሙታኑን ብዛት ለፈተና ሸምድደው፣ ደወል ሲደወል እየተገፋፉ ኳስ ሊጫወቱ ይወጣሉ ብለሽ አዝነሻል። ምን ያድርጉ ታዲያ? ሚሊዮን የሚባል ሰው አይተው አያውቁም። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ የአስተማሪው ነው።

ፎቶግራፎቹን ላሳያቸው ወይ ላልሽው፣ አታሳያቸው። የሬሳ ክምር ያየ ልጅ ወይ ፊቱን ያዞራል ወይ ይለምደዋል፤ በሁለቱም አይማርም። ደግሞም የሞቱትን ሰዎች በዚያ ሁኔታ ለመታየት ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው የለም።

ወረቀቱን አስተምሪያቸው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፤ የዚህ ነገር ሥሩ ቆንጨራ አይደለም፣ ወረቀት ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ስንቱ ሰው በየኬላው የታረደው መታወቂያው ላይ በሰፈረች አንዲት ቃል መሆኑን ያውቃሉ? በአውሮፓም አይሁዶችን ከየቤታቸው ሊወስዱ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ዝርዝር ይዘው ነበር የሚመጡት። ዝርዝሩን የጻፈው ጭራቅ አይምሰላቸው። ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ሚስቱን ተሰናብቶ፣ እርሳሱን ቀርጾ የተቀመጠ ሰው ነው።

እንዲህ አድርጊ። ለእያንዳንዱ ልጅ ባዶ ወረቀት ስጪው፤ ማስመሪያ ይያዝ። የክፍሉን ልጆች መዝገብ ያዘጋጅ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ መንገድ፣ የቤት ቁጥር፣ የወላጅ ሥራ፣ የቤተሰብ ብዛት። ስድስት ዓምድ፤ አንድም አትጨምሪ። ሥራው ምን ያህል ጨዋ እንደሚመስል፣ እጅ እንዴት እየወደደው እንደሚሄድ ራሳቸው ይወቁት። በማግስቱ፣ ያ ወረቀት ክፉ ሰው እጅ ቢገባ ምን እንደሚደረግበት ጠይቂያቸው። አራቱን ገጽ ከዚያ በኋላ ያንብቡ።

"በጦርነቱ ዘመን ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ክፍል ነበሩ፤ መጥተው ያዩትን ለልጆቹ ይንገሩልኝ" ያልሽኝን ግን አልቀበልም። መዝገብ ክፍል የተቀመጠ ሰው የሚያየው መዝገብ ነው። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

አጎትሽ


ጥቅምት 27

ጋሼ፣

አንዴ ብቻ እጠይቃለሁ፤ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎን ለሐኪም ያሳዩ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ መልስዎን ስለማውቀው ተውኩት።

ያሉኝን አደረግሁ። ክፍላችንን ቢያዩት ይገረሙ ነበር። ለአርባ ሁለት ልጅ አሥራ አራት አግዳሚ ወንበር፤ መስኮቱ እስከ ግማሹ ነጭ ቀለም የተቀባ፤ ከግድግዳው ወዲያ የእንጨት ሥራ ክፍል ስላለ የዓለምን ጦርነት ሁሉ የማስተምረው በመጋዝ ጩኸት መሐል ነው። ወረቀት ሳድል የክፍሉ ቀልደኛ፣ ከኋላ የሚቀመጥ ረጅም ልጅ፣ እጁን አወጣ።

"መምህር፣ የቤተሰብ ብዛት ላይ ድመታችን ትቆጠራለች?"

"አይጥ ትይዛለች?" አልኩት።

"አንዳንዴ።"

"እንግዲያው ሥራ አላት፤ ቁጠራት።"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ግን ጸጥ አሉ። ጋሼ፣ በስድስት ዓመት የመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። እየተጠያየቁ፣ የቤት ቁጥር እየተራረሙ፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ይዘው ጻፉ። እጅ ይወደዋል ያሉት እውነት ነው።

አሁን ደስ የሚልዎትን ልንገርዎ። አንዲት የክፍል አለቃ አለችኝ። ልጆቹ "ማስመሪያ" ይሏታል፤ ደብተሯ ላይ የተጣመመ መስመር ተገኝቶ ስለማያውቅ ነው። የእሷ መዝገብ ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስላል፤ ርዕሱ በቀይ፣ መስመሩ በሰማያዊ። ሰባተኛ ዓምድም አለው። "የአያት የትውልድ ቦታ" ይላል። ለምን ጨመርሽ ብላት፣ "በክፍላችን ስማቸው አንድ የሆነ ሦስት ልጆች አሉ፤ እንዳይምታቱ ብዬ ነው" አለችኝ። ማንም አላዘዛትም። በዕረፍት ሰዓት እየዞረች ሁሉንም ጠይቃ ሞልታዋለች፤ ለምን ትጠይቂናለሽ ያላት አንድም ልጅ የለም። አሥራ አንዱ ላይ "ከወንዙ ማዶ" የሚል ሰፍሯል። በጦርነቱ ዘመን በዚህ አገር ያ ቃል ሰውን ከቤቱ ያስወጣ እንደነበር እርስዎ ያውቃሉ፤ ልጆቹ ግን ቤታቸው ካልነገራቸው መጽሐፋቸው አይነግራቸውም። የራሷን ብቻ ባዶ ትታዋለች። "ረስቼው ነው" አለች።

አሥር ከአሥር ሰጠኋት። በልጆቹ ፊት አመሰገንኳት፤ ለትምህርቱ ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም ብዬ ወረቀቱን ሰሌዳው አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። እጅ ጽሕፈቷ የእርስዎን ይመስላል፤ ቢያዩዋት ይኮሩባት ነበር።

ሰባተኛውን ዓምድ በትምህርቱ ውስጥ እንዴት ባስገባው ይሻላል? መልስዎ እስኪደርሰኝ ትምህርቱን አቆየዋለሁ።

ልጅዎ


ኅዳር 4

ለመምህርቷ፤

ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ ወረቀቱን ከግድግዳው አውርጂው። ቀድደሽ ቅርጫት ውስጥ አትጣይው፤ አቃጥይው።

ልጅቷን አትቅጪያት፤ አታመስግኛትም። የሰጠሻትን አሥር አትንኪው። የተሰጠ ማርክ ሲነሳ ልጆች ምክንያት ይፈልጋሉ፤ ፈልገው ያጡትን ደግሞ ራሳቸው ይፈጥራሉ።

ሰባተኛው ዓምድ በትምህርቱ ውስጥ አይገባም። ስድስት ብዬሻለሁ።

ለምን ብትይኝ መልስ የለኝም። ጉልበቴ ደህና ነው።

አጎትሽ


ኅዳር 19

ጋሼ፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ወረቀቱን ካወረድኩት ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። እኔም ዘግይቻለሁ። በመሐሉ አራት ጊዜ ደውዬልዎ ነበር፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ይኸው፣ ተመልሶ እንዲነበብ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ልጆቹ ቦታ ቀይረዋል። አሥራ አንዱ በመስኮቱ በኩል ባሉት ወንበሮች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ማን ቀየራችሁ ብል ማንም አላዘዘንም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ አንዷ ተነሥታ ሄደች አሉ፣ ከዚያ አጠገቧ የነበረው ተነሣ፣ ከዚያ ሁሉም ወረቀቱን እያዩ ቦታቸውን አወቁት። ማክሰኞ በራችን ላይ አንድ ሰው በጠመኔ "ማዶ" ብሎ ጻፈ። ቀልደኛው ልጅ ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት አልመጣም። ማስመሪያ ከወዲያኛው ወገን ተቀምጣለች፤ አንገቷን ደፍታ በባዶ ወረቀት ላይ መስመር ታሰምራለች።

ዳይሬክተሩ ጠራኝ። እሱ ተቀምጦ እኔ ቆሜ ነው የተነጋገርነው።

"አንቺ የተቀጠርሽው የዓለም ታሪክ ልታስተምሪ ነው። የሰፈር ታሪክ ማን አዘዘሽ?"

"ማንም አላዘዘኝም።"

"እሱ ነው ችግሩ" አለኝ።

ምዕራፉን ዘግቼ ወደሚቀጥለው እንዳልፍ፣ አለዚያ ክፍሉን ለሌላ መምህር እንደሚሰጠው ነገረኝ። እስካሁን አልዘጋሁትም። እንዴት እንደምቀጥልም አላውቅም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። "ስድስት ዓምድ፤ አንድም አትጨምሪ" ብለው የጻፉልኝ ልጅቷ ገና ማስመሪያዋን ሳታነሳ ነው። ሰባተኛ የሚጨምር ሰው ሊኖር እንደሚችል በምን አወቁ? የእርስዎ መዝገብ ስንት ዓምድ ነበረው?

አሁንም መልስ የለኝም ካሉኝ፣ ከእኔ ሌላ ደብዳቤ አይጠብቁ። ግትርነትን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ልጅዎ


ኅዳር 30

ልጄ፣

ሰባት።

የታዘዘው ስድስት ነበር። በጦርነቱ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቱ ዘይትና ስኳር በካርድ ሊያድል ሲነሳ መዝገብ አስፈለገው። እኔ ከጦርነቱ ብዙ ዘመን በፊት፣ ገና በልጅነቴ፣ በተላላኪነት ነው የገባሁት፤ ፊደል የቆጠርኩት ከፋይል ሽፋንና ከአሮጌ ጋዜጣ መሆኑን ታውቂያለሽ። የተማሩት ጸሐፊዎች አንዱን ሰው ሁለቴ ይመዘግባሉ፣ ሁለቱን አንድ ያደርጋሉ፣ ዕደላው ሲበላሽ እርስ በርስ ይካሰሳሉ። እኔ እንደማልሳሳት ላሳያቸው ፈለግሁ። በአንድ መንገድ ላይ ብቻ ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆነ አራት ሰዎች ነበሩ፤ አያታቸው የተወለደበት ቦታ ግን ይለያቸዋል። ስለዚህ አንድ መስመር ጨመርኩ።

ሦስት ሺህ ረድፍ በአራት ወር ጻፍኩ። ቤት ለቤት ዞርኩ። ሰዎቹ ወንበር አወጡልኝ፣ ውሃ አጠጡኝ፣ ልጆቻቸውን ዝም አሰኙልኝ። ለምን ትጠይቀናለህ ያለኝ የለም። ሲያልቅ የክፍሉ ኃላፊ መዝገቡን በሠራተኛው ፊት ከፍ አድርጎ፣ "ተላላኪው የተማራችሁት ያላሰባችሁትን አሰበ" አለ። ያን ቀን ወደ ቤቴ የገባሁት ደረቴን ነፍቼ ነው።

መዝገቡን የጠረዘው፣ ሃያ ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የሠራው ጠራዣችን ነው። የአያቱን ቦታ ስጠይቀው ሳቀና፣ "ከወንዙ ማዶ ነዋ፤ ይህን ሁሉ ዘመን አታውቅም ነበር?" አለኝ። አላውቅም ነበር። በሰም የታሸ ክር ሦስት እጥፍ አድርጎ ሰፋው። ጀርባውን በጡጫው መታ መታ አደረገና፣ "ይህ ከእኔም ከአንተም ይተርፋል" አለ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር።

የማዶ ሰዎችን የሚወስዱት የመጡት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ጠዋት፣ መኪናዎቻቸውን ሞተራቸውን ሳያጠፉ ደጅ አቁመው። መዝገቡን ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው። አንዱ ጣቱን በሰባተኛው ዓምድ ራስ ላይ አሳርፎ እስከ ታች አወረደው። ገጹን ገለበጠ፣ እንደገና አወረደው። ስም አላነበበም። ሌላው አጠገቡ ቆሞ የቤት ቁጥር ይለቅማል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። በሦስት ቀን ጨረሱ። ያ ዓምድ ባይኖር ወራት ይፈጅባቸው ነበር፤ በወራት ውስጥ ደግሞ ሰው ይሸሻል። ጠራዡን የወሰዱት ከወንበሩ ላይ አንሥተው ነው። መርፌው ክሩን እንደያዘ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ከጦርነቱ በኋላ መርማሪዎች መጡ። ከኃላፊ እስከ ዘበኛ ሁሉንም "ማን አዘዘ?" እያሉ ጠየቁ። ያን ዓምድ ማንም አላዘዘውም፤ ስለዚህ ስለ እሱ ማንም አልተጠየቀም። ጡረታዬ ሲደርስ ወጣሁ።

ምን እንደሚደረግበት አላውቅም ነበር። ይህን የምጽፈው ይቅር እንድትይኝ አይደለም፤ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት በሕይወት የሉም፣ አንቺም ወኪላቸው አይደለሽም። ለክፍልሽ ልታነቢው ብትፈልጊ አልከለክልሽም። መጽሐፍሽ ያዘዙትን ያስተምራል። አንቺ ሳይታዘዙ የሠሩትን አስተምሪ።

አጎትሽ


የካቲት 11

ጋሼ፣

ከዚያ ወዲህ የላኳቸው ሁለት አጫጭር ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ሁለቱም ስለ ጉልበትዎ ናቸው። ሳይጠየቁ ስለ ጤናዎ ሲጽፉ የመጀመሪያዎ ነው።

መልስ ያልሰጠሁት እጄ እንቢ ብሎኝ ነው። የመጀመሪያውን ፊደል ሲያስጽፉኝ እጄን በእጅዎ ውስጥ ይዘው ነበር። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር የማስበው ያን ነው፤ ያ እጅ ከዚያ በፊት ምን ሲጽፍ እንደነበረ።

ባለፈው ሐሙስ ዳይሬክተሩን ሳላስፈቅድ ደብዳቤዎን ለክፍሉ አነበብኩት። ስምዎን አልጠራሁም፤ አጎቴ መሆንዎንም አልተናገርኩም። ቀልደኛው ልጅ ተመልሶ መጥቷል፤ አሁንም በመስኮቱ በኩል ነው። የመጋዙ ሠራተኞች የዕረፍት ሰዓት ስለነበር ድምፄ ለራሴ ጎላብኝ። ስጨርስ አንዱ፣ "ሰውዬው አሁን አሉ?" አለኝ። አሉ አልኩት። "ታዲያ እንዴት ነው የሚተኙት?" አለች ሌላዋ። ይህን አልጠየቅኋቸውም አልኳት።

ከዚያ ማስመሪያ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ሰውዬው ራሳቸውም የከተማው ሰው ናቸው አይደል? መዝገቡ ውስጥ ይኖራሉ።"

"ይኖራሉ።"

"በራሳቸው ረድፍ፣ ሰባተኛው ላይ ምን ብለው ጻፉ?"

ደብዳቤዎን ገልብጬ አየሁ፤ አልጻፉትም። እሷም፣ "እኔ የራሴን አልረሳሁትም ነበር" አለች። እንዲህ ብላ አልተቀመጠችም፤ የምትቀመጥበት የጠፋት ይመስል ቆማ ቀረች።  በመጨረሻ ቀልደኛው በወንበሩ ላይ ፈቀቅ አለና፣ "ነይ እዚህ ተቀመጪ፤ ድመቷን ጠጋ አደርጋታለሁ" አላት። ማንም አልሳቀም። ሄዳ ተቀመጠች።

የእሷ ጥያቄ የእኔም ጥያቄ ሆኗል። እናቴ በዚያ ዘመን ገና ልጅ ሆና በእርስዎ ቤት፣ በእርስዎ ረድፍ ሥር ነበረች። ቅድመ አያቴ የት እንደተወለደ እሷም እርስዎም አንድ ቀን ነግራችሁኝ አታውቁም። በልጅነቴ ስጠይቅ፣ "ጥያቄ አታብዢ፣ ጽሕፈትሽን ጨርሺ" ይሉኝ ነበር። ጽሕፈቴን ጨርሻለሁ፣ ጋሼ።

ልጅዎ


የካቲት 20

ልጄ፣

ያቺ ልጅ ቀደመችኝ። እኔ አርባ ዓመት ያቃተኝን እሷ በአንድ ትምህርት ዘመን ተናገረችው።

ሰባተኛው ላይ ሰረዝ ነው ያደረግሁት። አልረሳሁም። አያቴ የተወለደው ከወንዙ ማዶ ነው፤ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ተሻገረ። አባቴ ይህን አንዴ ነግሮኝ ሁለተኛ አላነሳውም፤ እኔም እናትሽን እንዳትናገር አስጠንቅቄያት ነበር። በሦስት ሺህ ረድፍ ውስጥ አንድ ሰረዝ ብቻ አለ፤ እሱም የእኔ ነው። የቤተሰብ ብዛት፦ ሁለት። ጣቱን ሲያወርድ በሰረዙ ላይ አለፈ። እናትሽ ተረፈች፤ አንቺም ከዚያ ሰረዝ መጣሽ። እውነት ስለሆነ ጻፍኩት እንጂ እንድታዝኚልኝ አይደለም።

"ምን እንደሚደረግበት አላውቅም ነበር" ብዬሻለሁ። ሐሰት ነው። መኪናዎቹን አላየሁም፤ ሦስቱን ቀን አላሰብኩም። ግን እዚያ ቦታ ላይ የራሴ ስም ባይገኝ እንደሚሻል አውቄያለሁ። ለእኔ የፈራሁትን ለሌላው ለመፍራት መማር አያስፈልግም ነበር። ለሦስት ሺህ ሰው ትክክለኛ መዝገብ፣ ለራሴ ሰረዝ።

ጠራዡ ያውቅ ነበር። ሊሰፋው ገጾቹን ሲያስተካክል አየው። "የአንተን ረስተኸዋል" አለኝ። "ኋላ እሞላዋለሁ" አልኩት። ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ መርፌውን አስገባ። ያኔ ገጾቹን መልሼ ወስጄ ዓምዱን በሙሉ መሰረዝ እችል ነበር፤ ገና አልተጠረዘም። ምስጋናው በማግስቱ ነበር፤ እሱን አሰብኩ። በወሰዱት ቀን በጠረጴዛዬ አጠገብ አለፈ። ጣቱን ወደ እኔ ቢቀስር ይበቃው ነበር። አልቀሰረም።

ደብዳቤዬን ስታነቢላቸው ስሜን ሸፍነሻል። ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተሳስተሻል። የሦስት ሺህ ሰው ስም ስጽፍ ስማችሁ ይታይ ወይ ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም።

ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አለ። ሰባት ዓምድ አለው፤ አንድ ረድፍ ብቻ። ስሜ ከነአባቴና ከነአያቴ፤ ዕድሜዬ፤ መንገዴ፤ የቤት ቁጥሬ። ሥራ፦ መዝገብ ጸሐፊ። የቤተሰብ ብዛት፦ አንድ። ሰባተኛውንም ሞልቼዋለሁ። መስመሩ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ሁለት ጊዜ ደግሜ ይህ የተሻለው ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ አላጠፍኩትም።

ልጆቹ ሊጠይቁኝ የሚፈልጉት ካለ ይደውሉ፤ ስልኩን አነሳለሁ። አንቺ ባትጽፊልኝ አልቀየምሽም።

የልጅቷን ወረቀት አውርጂ ብዬሽ ነበር። ይህን በእሱ ቦታ ለጥፊው። ዳይሬክተሩ ማን አዘዘሽ ካለሽ፣ እሱ አዞኛል በይው፤ ስሙም አድራሻውም ግድግዳው ላይ አለ።

አጎትሽ